ችፌ ላለበት ቆዳ የልብስ ሳሙና አመራረጥና አጠቃቀም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ችፌዬን ያመጣው የልብስ ሳሙናዬ ነውን?

በአብዛኛው አይደለም፤ ሊያባብሰው ግን ይችላል። ችፌ ወይም ኤክዚማ የሚባለው የቆዳ ሕመም በአመዛኙ የሚነሣው የቆዳው የላይኛ ሽፋን እርጥበትን ይዞ የማቆየትና የውጭ ነገር ዘልቆ እንዳይገባ የመከልከል አቅሙ ደካማ ከመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆኑ የዘር ጥናቶች፣ ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን በሚያሠራው ዘረ መል ላይ ጉድለት ያለባቸው ሰዎች ለችፌ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይተዋል። እንዲህ ያለው ቆዳ፣ ጤነኛ ቆዳ ከቁም ነገር የማይቆጥረውን ጥቂት የሳሙና ቅሪት እንኳ መቋቋም ያቅተዋል።

የልብስ ሳሙና ቆዳን የሚጎዳባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው፤ ቀጥሎ የሚወሰደው እርምጃ ሁሉ የሚወሰነውም ሁለቱን ለይቶ በማወቅ ነው። የመጀመሪያው ማስቆጣት ነው፤ ቆሻሻን ከጨርቅ የሚያላቅቀው ንጥረ ነገር የቆዳንም ቅባት ስለሚያላቅቅ፣ መጠኑ ሲበዛና የሚቆይበት ጊዜ ሲረዝም የማንንም ቆዳ ያደርቃል፣ ይሰነጥቃል፤ ችፌ ያለበትን ደግሞ አስቀድሞ። ሁለተኛው አለርጂ ነው፤ የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት አንድን ንጥረ ነገር፣ ለምሳሌ አንድ ዓይነት ሽቶን፣ አንድ ጊዜ ከለየው በኋላ ያ ነገር በትንሽ መጠን ቢነካው እንኳ ይቆጣል። ብዙ ሰው ማሳከክ ሲጀምረው «ለሳሙናው አለርጂ አለብኝ» ይላል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ፣ ከ700 በላይ የቆዳ ሕመምተኞች በተመረመሩበት ጥናት፣ በልብስ ሳሙና ሳቢያ የአለርጂ ምልክት የታየባቸው ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። ችግሩ ማስቆጣት ከሆነ የሳሙናውን መጠን መቀነስና ልብሱን አጥርቶ ማለቅለቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ አለርጂ ከሆነ ግን ያ ንጥረ ነገር ጭራሹን የሌለበት ሳሙና መፈለግ ግድ ነው።

ጥፋቱ የሳሙናው መሆኑን በምን ላውቅ እችላለሁ?

ሽፍታው የወጣበት ቦታ ብዙ ይናገራል። የተለመደው ችፌ የሚያዘወትረው የክርን መታጠፊያን፣ የጉልበት ጀርባን፣ አንገትንና በሕፃናት ላይ ጉንጭን ነው። ከልብስ የሚመጣው መቆጣት ግን ልብስ በሚጣበቅበት፣ በሚፋተግበትና ላብ በሚበዛበት ቦታ ይታያል፤ ይኸውም በብብት ዙሪያ፣ በወገብ መቀነቻ ሥር፣ በጭን ውስጠኛ ክፍልና በመሳሰለው ነው። ልብስ የማይነካው ፊት ብቻውን ከቆሰለ ወይም ሽፍታው የልብስ አጣቢውን እጅ ብቻ ከያዘ፣ ነገሩን ከታጠበው ልብስ ይልቅ በሌላ ቦታ መፈለግ ይሻላል።

ሳሙና ለውጦ ውጤቱን ማየትም ይቻላል፤ ሙከራው የሚያስተምረው ግን ሌላ ነገር ሳይለወጥ ሲቀር ብቻ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሳሙናውን፣ የገላ ሳሙናውንና የቆዳ ቅባቱን ሁሉ የለወጠ ሰው ቢሻለውም የተሻለው በየትኛው እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ የልብስ ሳሙናውን ብቻ ይለውጡ፤ አንሶላን፣ ፎጣንና የውስጥ ልብስን ጨምሮ ቆዳ የሚነካውን ሁሉ በአዲሱ ሳሙና እንደገና ያጥቡ፤ ከዚያም አራት ሳምንት ያህል ይታገሡ። ችፌ በራሱ ጊዜ የሚነሣና የሚተኛ ሕመም በመሆኑ፣ በሦስተኛው ቀን የታየ መሻልም ሆነ መባባስ ማስረጃ አይሆንም።

ሳሙና ስገዛ ከሁሉ በፊት ምን ልመልከት?

ሽቶ ያልተጨመረበት መሆኑን። አንድ ነገር ብቻ መምረጥ የሚችል ሰው ይህን ቢመርጥ አይቆጭም፤ በቤት ውስጥ ከሚገኙ ማጠቢያዎች አለርጂ በማስነሣት በተደጋጋሚ የሚጠቀሱት ሽቶዎችና ፈሳሹ እንዳይበላሽ የሚጨመሩ ማቆያ ኬሚካሎች ናቸውና። የልብስ ሽቶ ደግሞ ከሌላው የሳሙና ክፍል የሚለይበት ጠባይ አለው፤ ሌላው ታጥቦ እንዲወጣ ሲሠራ፣ እርሱ ልብሱ ከደረቀ በኋላም እንዲሸት ታስቦ የሚሠራ ስለሆነ በጨርቁ ላይ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ማሸጊያው ላይ ሽታ የሌለው ተብሎ የተጻፈበት ሳሙና ሁልጊዜ ሽቶ ያልገባበት አይደለም፤ የጥሬ ዕቃውን ሽታ ለመሸፈን ሌላ ሽቶ ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ሳሙናውን ከማሽተት ይልቅ የንጥረ ነገሮቹን ዝርዝር ማንበብ ያዋጣል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት፣ አለርጂ በማስነሣት የታወቁ በዝርዝር የተቀመጡ የሽቶ ንጥረ ነገሮች መጠናቸው ከ0.01 በመቶ ካለፈ በልብስ ሳሙና ማሸጊያ ላይ በየስማቸው መጻፍ አለባቸው፤ በዝርዝሩ ውስጥ ደጋግመው ከሚታዩት መካከል ሊሞኒንና ሊናሉል ይገኛሉ። እነዚህ ሁለቱ ከአየር ጋር ተገናኝተው ሲቆዩ አለርጂ የማስነሣት ኃይላቸው ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜ የሚገኙትም ከዕፅዋት በሚወጡ ዘይቶች ውስጥ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከማቆያዎቹ ውስጥ ሊታወቅ የሚገባው ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የተባለው ነው። ባስነሣው የአለርጂ ብዛት የተነሣ የአሜሪካ የንክኪ የቆዳ ሕመም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 «የዓመቱ አለርጂ አስነሺ» ብሎ ሰይሞታል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በኋላ ተቀብተው ቆዳ ላይ ከሚቆዩ መዋቢያዎች አግዶታል። በልብስ ሳሙና ውስጥ የሚገባው መጠን ትንሽ ነው፤ አብዛኛውም በማለቅለቅ ይወጣል። ለእርሱ አለርጂ እንዳለበት በምርመራ የተነገረው ሰው ግን ይህንኑ ስምና መጨረሻቸው «አይሶቲያዞሊኖን» የሆኑ ዘመዶቹን በዝርዝሩ ውስጥ ማየት ልማዱ ሊሆን ይገባል። ማቅለሚያን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም፤ ሳሙናውን ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ማድረግ ለእጥበቱ ምንም አይጨምርምና ቀለም የሌለበት ከተገኘ እርሱን መውሰድ ነው።

«ሃይፖአለርጂኒክ» የሚለው ጽሑፍ ዋስትና ይሆናል?

አይሆንም። አለርጂ የማስነሣት ዕድሉ አነስተኛ ነው ለማለት የሚጻፈው ይህ ቃል በብዙ አገር በሕግ የተወሰነ መመዘኛ የለውም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1975 በመዋቢያዎች ላይ ይህን ቃል የሚጽፉ አምራቾች አስቀድመው በምርመራ እንዲያረጋግጡ የሚያስገድድ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ ነገር ግን በ1977 ፍርድ ቤት ሻረው። ስለዚህ ማሸጊያው ፊት ላይ ከሚጻፈው ይልቅ ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል የተዘረዘረው ይታመናል።

ዱቄት ይሻላል ወይስ ፈሳሽ?

ሁለቱም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ዱቄት ውኃ ስለሌለበት ማቆያ ኬሚካል አያስፈልገውም፤ ለማቆያ አለርጂ ላለበት ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በሌላ በኩል በቀዝቃዛ ውኃ በደንብ ስለማይሟሟ፣ በልብስ እጥፋትና በስፌት ውስጥ ፍርፋሪው ሊቀር ይችላል። ፈሳሽ ሳሙና በቀዝቃዛ ውኃም በቀላሉ ይዋሃዳል፤ ግን ማቆያ አለበት፣ ሲቀዱትም ከሚያስፈልገው በላይ ማፍሰስ ይቀናል። በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ የሚያጥብ ሰው ሽቶ የሌለውን ፈሳሽ ቢይዝ፣ ለማቆያ አለርጂ ያለበት ደግሞ ዱቄቱን አስቀድሞ በሞቀ ውኃ አሟሙቶ ቢጠቀም መልካም ነው።

ኢንዛይም ያለበትን ሳሙና መተው አለብኝ?

ይህ ፍርሃት ሥር የሰደደ ነው፤ አነሣሡም መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ፕሮቲን የሚፈጩ ኢንዛይሞች በልብስ ሳሙና ውስጥ በሰፊው በገቡበት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ በፋብሪካ ውስጥ ብናኙን የተነፈሱ ሠራተኞች በአስም ይታመሙ ነበር። ከዚያ በኋላ ኢንዛይሙ እንዳይቦን በሽፋን ተጠቅልሎ በእንክብል መልክ መሠራት ጀመረ። ቆዳን በተመለከተ ግን፣ ችፌ ያለባቸው ሰዎች ኢንዛይም ባለውና በሌለው ሳሙና የታጠበ ልብስ በየተራ እየለበሱ በተወዳደሩባቸው ጥናቶች ልዩነት አልታየም። እንዲያውም ኢንዛይም የላብንና የደምን እድፍ በዝቅተኛ ሙቀትና በትንሽ ሳሙና ስለሚያስለቅቅ፣ እርሱን ማስወጣት በምትኩ ብዙ ሳሙና እንድንጨምር ሊያደርገን ይችላል። ልብስ በእጁ የሚያጥብ፣ በተለይም እጁ የቆሰለ ሰው ግን ሌላ ነው፤ እርሱ ከዘፈዘፈው ውኃ ጋር በቀጥታ ስለሚነካካ ባይጠቀምበት ይመረጣል።

በአንድ እጥበት ምን ያህል ሳሙና ልጨምር?

አብዛኛው ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ይጨምራል። ብዙዎች ስለ ሳሙናው ስም ሲጨነቁ፣ ከምርጫው እኩል ወይም ከዚያ በላይ ለቆዳ የሚጠቅመው መጠኑና ማለቅለቁ ሆኖ ይገኛል፤ ተመርጦ የተገዛ ሳሙና በልብስ ላይ ከቀረ፣ በልኩ ተጨምሮ ተጠርጎ ከወጣ ተራ ሳሙና የባሰ ቆዳን ያስቆጣል። አረፋም የንጽሕና መለኪያ አይደለም፤ ይልቁንም ሲበዛ ማሽኑ ውስጥ ልብሱ እንዳይፋተግ ስለሚያደርግ እጥበቱንም ማለቅለቁንም ያዳክማል።

መነሻ የሚሆነው በማሸጊያው ላይ የተጻፈው መጠን ነው። መጠኑ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው በልብሱ ብዛት፣ በእድፉ ክብደትና በውኃው ጠባይ ነው። አንድ ቀን የተለበሰና ላብ ብቻ የነካው ልብስ ጭቃ የነካው ልብስ የሚፈልገውን ያህል ሳሙና አይፈልግም። የሳሙናው መክደኛ እንደ መስፈሪያ ከተሠራ፣ በውስጡ ያሉትን መስመሮች አይቶ መስፈር እንጂ እስከ አፉ መሙላት አይገባም።

ቅሪት መኖር አለመኖሩን ለማየት ታጥቦ የደረቀ ፎጣ ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ሳሙና ሳይጨምሩ ደጋግመው ይሹት። ውኃው አረፋ ካወጣ በፎጣው ላይ ያልለቀቀ ሳሙና አለ ማለት ነው። በማሽን የሚያጥብ ሰው ከበሮውን አለማጨቅና ተጨማሪ ማለቅለቂያ ዙር መጨመር ይኖርበታል፤ ጥቂት ውኃ የሚጠቀሙ ዘመናዊ ማሽኖች ውኃ በመቆጠባቸው ቢመሰገኑም፣ ችፌ ላለበት ሰው ያ ተጨማሪ ዙር አላግባብ የፈሰሰ ውኃ አይደለም።

ውኃችን ጨዋማና ከባድ ነው፤ ለውጥ ያመጣል?

ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውኃ ከሳሙናው ጋር እየተያያዘ ኃይሉን ስለሚያደክመው፣ ልብሱን ለማጽዳት ተጨማሪ ሳሙና ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናትም በከባድ ውኃ የታጠበ ቆዳ ላይ የሚቀረው የማጠቢያ ንጥረ ነገር ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ውድ የውኃ ማጣሪያ ለመግዛት መቸኮል አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ 336 ችፌ ያለባቸው ሕፃናት የተሳተፉበትና ውኃን የሚያለሰልስ መሣሪያ በቤታቸው ተተክሎ የተፈተነበት ጥናት፣ ከተለመደው ሕክምና የተለየ ጥቅም አላገኘበትም።

ልብስ የማጥበው በእጄ ነው። እጄን እንዴት ልጠብቅ?

በእጅ የሚያጥብ ሰው ሁለት ጊዜ ይጋለጣል፤ አንዴ ሲያጥብ፣ አንዴ ሲለብስ። ከሁለቱ የሚከፋው የመጀመሪያው ነው፤ በመዘፍዘፊያው ውስጥ ያለው ሳሙና በደረቀ ልብስ ላይ ከሚቀረው እጅግ የበረታ ነውና። የእጅ ችፌ ያለባቸው ሰዎች ጣቶቻቸው መካከል የሚሰነጠቀውም ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

ዱቄቱን በእጅ መዝገን አይገባም፤ በማንኪያ ሰፍሮ፣ በእንጨት አማስሎ፣ ሙሉ በሙሉ ከሟሟ በኋላ ልብሱን መጨመር ይገባል። እድፍ የበዛበትን ከማሸት ይልቅ ዘፍዝፎ ማቆየት ድካሙንም ንክኪውንም ይቀንሳል። ጓንት ሲደረግ ከቪኒል ወይም ከናይትሪል የተሠራ ይሁን፤ በተፈጥሮ ጎማ ጓንት ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ለራሳቸው አለርጂ ሊያስነሡ ይችላሉ። ከሥሩ ስስ የጥጥ ጓንት ቢደረግ ላቡን ይመጥጣል፤ እጅ በጓንት ውስጥ ሲያልበው ደግሞ ችፌው ስለሚነሣበት በየ20 ደቂቃው አውልቆ ማናፈስ ያስፈልጋል። ውኃ የገባበት ጓንት ያለ ጓንት ከመሥራት የባሰ ነው፤ ሳሙናውን እጅ ላይ አፍኖ ያቆየዋል። ቀለበትም በሥሩ ሳሙና ስለሚይዝ ከማጠብ በፊት ይውለቅ። ሲጨርሱ እጅን ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ፣ ሳይፈትጉ አድርቆ፣ ወዲያው ቅባት መቀባት ነው።

በእጅ ሲለቀለቅ የሚዘነጋው መጭመቁ ነው። ያልተጨመቀ ልብስ የሳሙናውን ውኃ ይዞ ወደሚቀጥለው ንጹሕ ውኃ ይገባል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ማለቅለቅ መካከል አጥብቆ መጭመቅ ውኃም ይቆጥባል፣ ቅሪቱንም ያስወጣል። ውኃው እስኪጠራና ጨርቁ በጣት መካከል መንሸራተቱን እስኪተው ድረስ ማለቅለቁ አላለቀም።

የልብስ ማለስለሻ መጠቀም እችላለሁ?

ባይጠቀሙ ይሻላል። ማለስለሻ ሥራውን የሚሠራው የጨርቁን ክር ለብሶ በመቅረት ነው፤ ከእርሱም ጋር ሽቶው ይቀራል። ለስላሳ ጨርቅ ቆዳን ብዙም የማይፈትግ መሆኑ እውነት ነው፤ ያንን ልስላሴ ግን ልብሱን ከማስጣት በፊት ደጋግሞ በማራገፍና ከደረቀ በኋላ በእጅ አሽቶ በማፍታታት ማግኘት ይቻላል።

በረኪና እና ኮምጣጤስ?

በረኪና ለሚቆጣ ቆዳ የሚመች ነገር አይደለም፤ የግድ ካስፈለገ በልኩ አቅጥኖ፣ ለነጭ ጥጥ ብቻ ተጠቅሞ፣ ሽታው እስኪጠፋ ማለቅለቅ ይገባል። ጥቂት ነጭ ኮምጣጤ በመጨረሻው ማለቅለቂያ ውኃ ውስጥ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ የሳሙናውን አልካሊነት ሊቀንስ ይችላል፤ ነገር ግን ማለቅለቅን አይተካም፣ በዝቶ ሲዘወተርም የማሽኑን የጎማ ክፍሎች ይጎዳል። በምንም መንገድ ግን ኮምጣጤና በረኪና አንድ ላይ አይደባለቁ፤ ሲገናኙ ክሎሪን የተባለውን መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ።

ተፈጥሯዊ ወይም ቤት ውስጥ የተሠራ ሳሙና ለቆዳዬ ይለሰልሳል?

ከስብና ከአልካሊ የሚሠራው ተለምዷዊው ሳሙና ፒ.ኤች. (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው) ከ9 እስከ 10 ገደማ ሲሆን፣ ጤነኛ ቆዳ ግን በትንሹ አሲዳማ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ4.5 እስከ 5.5 ባለው ውስጥ ይገኛል። በቤት ውስጥ በሶዳ አጠናክረው የሚያዘጋጁት ደግሞ ከዚህም በላይ አልካላይ ይሆናል። በከባድ ውኃ ሲታጠብበትም ከካልሲየሙ ጋር ተያይዞ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ በጨርቁ ላይ ይጋገራል። ከዕፅዋት መገኘት በራሱ የየዋህነት ምስክር አይሆንም፤ ከላይ የተጠቀሱት ሊሞኒንና ሊናሉልም ከዕፅዋት የሚገኙ ናቸው።

ለሕፃናት ተብሎ የሚሸጠውን መግዛት ይኖርብኛል?

ግድ አይደለም። ብዙዎቹ ሽቶ አላቸው። ሽቶ የሌለው ማንኛውም ሳሙና ለሕፃኑም ለቤተሰቡም ሊሆን ይችላል፤ እንዲያውም የሁሉም ልብስ በአንድ ሳሙና ቢታጠብ ይመረጣል፤ ሕፃኑ ጉንጩን የሚያሳርፈው በሚያቅፈው ሰው ትከሻ ላይ ነውና።

አዲስ ልብስ ሳይታጠብ ቢለበስ ምን ችግር አለው?

አንዳንድ ጨርቆች እንዳይጨማደዱ ፎርማልዲሃይድ የተባለ አለርጂ አስነሺ ኬሚካል በሚለቅ ሙጫ ይታከማሉ፤ ትርፍ ቀለምም ይዘው ይመጣሉ። አንድ ሁለት ጊዜ ማጠብ የዚህን አብዛኛውን ክፍል ያስወግዳል። በሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይ የሚውሉ አንዳንድ ጥቁር ሰማያዊ ቀለሞች ግን ታጥበው አያልቁምና፣ ለእነርሱ አለርጂ ያለበት ሰው ልብሱን ከመተው በቀር አማራጭ የለውም። ከጨርቅ ዓይነት ጥጥ ይመከራል፤ ሻካራ ሱፍ ይፈትጋል። ለችፌ ተብሎ የሚሸጠው የሐር ልብስ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 በ300 ሕፃናት ላይ ተፈትኖ ከተለመደው ሕክምና በላይ የጨመረው ጥቅም አልታየም።

ልብስና አንሶላ በስንት ዲግሪ ይታጠብ?

ለዕለት ልብስ በልብሱ ላይ የተጻፈው ሙቀት ይበቃል። የቤት አቧራ ተባይ አለርጂ ያለበት ሰው ግን አንሶላና የትራስ ልብስ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢያጥብ ተባዮቹ ይሞታሉ።

በሞቀ ውኃ ለማጠብ ሌላው ምክንያት የሚቀቡት የችፌ ቅባት ነው። ቅባቱ ወደ ጨርቁ ይገባል፤ በቀዝቃዛ ውኃም በቀላሉ አይለቅም፤ እየተጠራቀመም ሳሙናውን አብሮ ይይዛል፣ የማሽኑንም ጎማ ያበላሻል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ እሳት ነው። በእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ቅባት የደረቀበት ጨርቅ በፍጥነትና በበረታ ነበልባል እንደሚነድ ገልጿል፤ ጉዳዩ ፓራፊን ባለባቸው ቅባቶች ላይ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ማጠብ አደጋውን ይቀንሰው እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ቅባት የሚቀባ ሰው ልብሱንና አንሶላውን ቶሎ ቶሎ፣ ጨርቁ በሚችለው ሙቀት ማጠብ፣ ከሲጋራ፣ ከሻማና ከምድጃም መራቅ አለበት።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ሽቶ የሌለው ሳሙና በልኩ እየተጠቀሙ፣ አጥርተው እያለቀለቁ፣ ቅባትዎንም እየተቀቡ በአራት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ከሌለ ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂዱ። ቁስሉ ቢያዥ፣ ቢጫ ቅርፊት ቢያወጣ፣ ትኩሳት ቢከተል ወይም የሚያሙ ትናንሽ ውኃ የቋጠሩ እብጠቶች በአንድ ላይ ቢወጡ ግን አንድ ቀንም መጠበቅ አይገባም።

አለርጂ ከተጠረጠረ የሚደረገው የንክኪ ምርመራ ነው። ተጠርጣሪዎቹ ንጥረ ነገሮች በተወሰነ መጠን ተዘጋጅተው ጀርባ ላይ ይለጠፋሉ፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ይነሣሉ፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላም ቆዳው ዳግመኛ ይታያል። ለዚህ ቀጠሮ የሳሙናዎን፣ የማለስለሻዎንና የቅባትዎን ማሸጊያ ይዘው ቢሄዱ ሐኪሙ ከዝርዝራቸው ተነሥቶ የሚፈትነውን ይመርጣል። ሳሙናውን ግን በራስዎ ክንድ ላይ ቀብተው፣ በፕላስተር ሸፍነው አይሞክሩት፤ ያልቀጠነ የልብስ ሳሙና አለርጂ የሌለበትንም ቆዳ ስለሚያቃጥል፣ ያ ቀይ ምልክት ስለ አለርጂ የሚነግርዎት ነገር አይኖርም።